አንድ ሊኑክስ ለቢቸናም ለሞጣም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን የደኅንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ለዚህ ጽሑፍ ተብለው የታሰቡ ናቸው፤ አንዱ ቢቸና ላይ ጽሕፈት ቤት ከፍተው ማመልከቻና ውል ሲጽፉ የኖሩ፣ አንዷ ሞጣ ላይ ኮምፒውተር የምታስተምር። ጉዳያቸው ግን አሮጌ ኮምፒውተር ይዞ የሚሠራ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው።

ጸሐፊው፦ መምህርት፣ ዊንዶውስ 10 አለቀለት ሲሉ እሰማለሁ። የኔ ግን ዛሬም ጠዋት በርቶ ሁለት ውል ጽፌበታለሁ። ምኑ ነው ያለቀው?

መምህርቷ፦ ነገም ይበራል ጋሼ። ያለቀው ጥገናው ነው። በሶፍትዌሩ ውስጥ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ማይክሮሶፍት ይደፍነው ነበር፤ ከእንግዲህ የሚገኘውን አይደፍንም። ተመዝግቦ ለጠየቀ ግለሰብ ግን እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. የአንድ ዓመት ጭማሪ ሰጥተዋል። የእርስዎ ኮምፒውተር ደግሞ የሰው ውል፣ የሰው ፋይዳ መታወቂያ፣ የሰው ፎቶ የሚያልፍበት ነው፤ የሰው ፍላሽ የማይሰካበት ቀን የለም። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ጸሐፊው፦ እንግዲያው ወደ 11 ላሻግረው።

መምህርቷ፦ ምን ዓይነት ነው ኮምፒውተሩ?

ጸሐፊው፦ ያገለገለ ነው የገዛሁት። ኮር አይ3 ይላል፣ አራተኛ ትውልድ ነው ብለውኛል። ራሙ 4 ጊጋባይት።

መምህርቷ፦ አያልፍም። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በደንቡ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። በዘዴ የሚያሳልፉት ልጆች አሉ፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ተደርጎ ለተጫነ ኮምፒውተር እድሳቱ ለመድረሱ ዋስትና አይሰጥም። አዲስ ይግዙ እንዳልልዎት፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋም አብሮ ነው የወጣው።

ጸሐፊው፦ ፈቃድ መግዛቱንማ ተይው፤ እኛ ሰፈር ማን ከፍሎ ያውቃል? ልጆቹ ክራክ አድርገው ይጭኑልናል።

መምህርቷ፦ የዊንዶውስ 11 ሆም ፈቃድ በማይክሮሶፍት ዋጋ 139 ዶላር ነው፤ ሰው ወደ ክራክ ቢሄድ አልፈርድበትም። ግን ልጆቹ ክራኩን ሲያስገቡ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ ልብ ብለው አይተዋል? አንቲቫይረሱን ያጠፉታል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶት ይገባል። ከዚያ ወዲያ የደንበኛዎ ሰነድ ደኅና ስለመሆኑ ማን ይመሰክራል?

ጸሐፊው፦ ሊኑክስ ልትይኝ ነው መሰለኝ።

መምህርቷ፦ አዎ። ግን ሰው የሚሰናከለው ሊኑክስ ልያዝ ወይስ አልያዝ በሚለው ላይ አይደለም ጋሼ። የትኛውን ልያዝ የሚለው ላይ ነው።

ጸሐፊው፦ ብዙ ዓይነት አለው እንዴ?

መምህርቷ፦ በመቶ የሚቆጠር። ሊኑክስ የሚባለው ራሱ ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የውስጡ ሞተር ነው። በዚያ ላይ ምናሌውን፣ መስኮቱን፣ መጻፊያውን፣ ኢንተርኔት ማሰሻውን ጨምረው ሙሉ ሥርዓት የሚያደርጉት የተለያዩ ቡድኖች ናቸው፤ የየቡድኑ ሥራ ዲስትሮ ይባላል። የእነማይን ጤፍ አሥር ቤት ቢጋግሩት አሥር ዓይነት እንጀራ እንደሚወጣው ማለት ነው። በኪስዎ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ እሱም በዚያው ሞተር ላይ ነው የሚሠራው።

ጸሐፊው፦ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤት ልጅ «ካሊን ልጫንልዎት» ብሎኛል።

መምህርቷ፦ ልጁ ክፉ አላሰበም፤ ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች ካሊን ይወዱታል። ነገር ግን ካሊ የኔትወርክ ደኅንነት ለሚፈትሹ ባለሙያዎች የተሰናዳ ነው፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ሊኑክስን ለማያውቅ ሰው አንመክረውም ብለው ጽፈዋል። አርች የሚባለውም እያንዳንዱን ነገር በእጁ መገጣጠም ለሚወድ ሰው ነው። ፌዶራ የተጣራ ሥራ ነው፤ ግን በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ እትም ይወጣዋል፣ አንዱ እትም የሚታደሰው 13 ወር ያህል ብቻ ነው። በቢቸና ኢንተርኔት ሥርዓቱን በየዓመቱ እንደ አዲስ ማውረድ ሊሆንብዎት ነው።

ጸሐፊው፦ ኡቡንቱ የሚሉትንስ? እሱን ስሙን አውቀዋለሁ።

መምህርቷ፦ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው እሱን ነው፣ ይገባዋልም። የደቡብ አፍሪካው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ድርጅት የመጀመሪያውን እትም ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ነው። ከ2005 እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን በፖስታ ቤት በነፃ ይልኩ ነበር፤ ኢንተርኔት ቀጭን የሆነበትን አገር ያሰበ ሰው ሥራ ነው ብዬ ነው የማየው። ለእርስዎ የማልመርጠው መልኩ ከለመዱት ስለሚርቅ ነው፤ ፕሮግራሞቹ በግራ በኩል ቁልቁል ተደርድረው ነው የሚታዩት፣ ከታች የለመዱት «ስታርት» የለም። ፋየርፎክስን የመሳሰሉትንም ስናፕ በሚባል ጥቅል ነው የሚያቀርበው፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ለመከፈት ይዘገያል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ደግሞ መዘግየት ያሳፍራል።

ጸሐፊው፦ ታዲያ የቱን ነው የምትይኝ?

መምህርቷ፦ ሊኑክስ ሚንትን። በኡቡንቱ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ሲናመን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ የሚባሉ ሦስት መልኮች አሉት፤ ለእርስዎ ኮምፒውተር ኤክስኤፍሲኢው ይሻላል፣ ቀላሉ እሱ ነው። ሲከፍቱት በግራ ጥግ ከታች ምናሌ፣ በቀኝ ሰዓት፣ መሐል ላይ የተከፈቱት መስኮቶች ናቸው። እትም 22 እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ወጣ፤ እስከ 2029፣ በእኛ እስከ ሚያዝያ 2021 ዓ.ም. ድረስ ይታደሳል። ለመጫን 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፣ 4 ቢኖር ይመረጣል፤ የእርስዎ 4 ነው።

ጸሐፊው፦ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ግን ዞሪን ነው ያለኝ። ቁርጥ ዊንዶውስን ይመስላል ይላል።

መምህርቷ፦ እውነቱን ነው። ዞሪን አየርላንድ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ጀምረው የመጀመሪያ እትሙን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ነው፤ 18ኛውን እትም ያወጡትም ልክ የዊንዶውስ 10 እድሳት በቆመበት ዕለት ነው። ቢይዙት አልቃወምም። የኔ ምክንያት ሌላ ነው። አንድ ቀን ማተሚያው እምቢ ሲልዎት፣ ደንበኛ ቆሞ እያለ፣ ማንን ይጠይቃሉ? ወንድምዎ አዲስ አበባ ነው። እኔ ሞጣ ላይ የማስተምረው በሚንት ነው። «በግራ በኩል ከታች ያለችው ምን ትላለች?» ብለው ሲደውሉልኝ እኔም ያንኑ ገጽ እያየሁ እመልስልዎታለሁ። ካልሆነም በደብረ ወርቅና በግንደወይን በኩል መኪና አለ፤ ፍላሽ አስይዤ እልክልዎታለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? የትኛው ዲስትሮ ከዓለም ይበልጣል ብሎ መከራከር የኢንተርኔት ችግር የሌለበት ሰው ይችላል። እዚህ ለጀማሪ የሚመረጠው በቅርብ ያለ ሰው የሚያውቀው ነው። ቢቸናም ሞጣም አንዱን ብቻ ቢይዙ አንዱ ያወቀው ለሌላው ይተርፋል፤ አንዱ ዞሪን፣ አንዱ ኡቡንቱ፣ አንዱ ካሊ ከያዘ ሁላችንም በየቤታችን ብቻችንን ነን።

ጸሐፊው፦ እንዲህ አድርጎ ያየው አገር አለ?

መምህርቷ፦ ሕንድ ውስጥ ኬረላ የምትባል ክፍለ ግዛት አለች። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ የሚያስተምሩት በሊኑክስ ነው፤ ካይት የሚባለው የክፍለ ግዛቷ መሥሪያ ቤት አንድ ዲስትሮ ለሁሉም ያሰናዳል፣ መምህራኑን በዚያው ያሠለጥናል። እነሱም እንደኛ የራሳቸው ፊደል አላቸው፣ የማላያላም ፊደል፤ ሥርዓቱ በዚያ ፊደል እንዲጽፍ አድርገው ነው ያሰናዱት። አንድ መምህር ሲቸግረው የጎረቤቱ ትምህርት ቤት መምህርም ያንኑ ይዟል።

ጸሐፊው፦ ያልተሳካለትንም ንገሪኝ፤ ሁሉ ተሳካ ያለኝን ሰው አላምንም።

መምህርቷ፦ የጀርመኗ ሙኒክ አለች። የከተማው አስተዳደር ከ2004 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ወደ 15 ሺህ ኮምፒውተር ወደ ሊኑክስ አዞረ፤ በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ወሰነ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ፖለቲካም ነበረበት። ከቅሬታዎቹ አንዱ ግን እርስዎንም የሚነካ ነው፤ ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚመጣው ሰነድና ፕሮግራም አልገጥም ማለቱ።

ጸሐፊው፦ ይኸው እኔም ወደሱ ልመጣ ነበር። እኔ በፓወር ግዕዝ ነው እጄን ያፈታሁት። የስንት ዘመን ውል፣ የስንት ሰው አቤቱታ በሱ ተጽፎ ሃርድ ዲስኬ ላይ አለ። ሊኑክስሽ ይህን ያነብልኛል?

መምህርቷ፦ ማንበቡን ያነባል፣ ልክ እንደበፊቱ መጻፉ ግን ይቀራል። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት፤ ይህን የሚያስረዳ ሰው ስለሌለ ነው ሰው በሊኑክስ ላይ ተስፋ የሚቆርጠው። የኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሁሉ የፊደላችንን ቅርጽ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በዚያ መንገድ የተጻፈ ውል ውስጡ የላቲን ምልክት ነው፤ ለዓይን አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ዝብርቅርቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጸሐፊው፦ አዎ አዎ! ወረዳ ልኬው «የላክልን ነገር አይነበብም» ተብዬ አውቃለሁ።

መምህርቷ፦ ሊኑክስ ላይም ያው ነው። ፎንቱን ከጫኑለት አሮጌው ውል ይነበባል፣ ይታተማል። እጅዎ የለመደው የፓወር ግዕዝ ኪቦርድ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ አብሮ አይመጣም። ስለዚህ አሮጌው እንዳለ ይቀመጥ፤ አዲሱን በዩኒኮድ ይጻፉ። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ስልክ ላይም፣ ወረዳም፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ ዘንድም ያው አማርኛ ነው።

ጸሐፊው፦ በምን ኪቦርድ?

መምህርቷ፦ አይባስ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ኤም17ኤን ከሚባለው ጥቅል ጋር ሲጫን የአማርኛ ኪቦርድ ይሰጥዎታል። የሚከተለው ሴራ የተባለውን ሥርዓት ነው፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጁት፣ የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁልፍ የመጻፊያ ዘዴ ነው። ሰላም ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ይመታሉ፤ ፊደሉ እየተለወጠ ይመጣል። ጠን ሲፈልጉ ትልቁን ቲ ይዘው ነው። ስልክ ላይ በላቲን ቁልፍ አማርኛ የለመደ ሰው ቶሎ ይይዘዋል። እርስዎ ግን እጅዎ ሌላ ስለለመደ መጀመሪያ ላይ ይቸገራሉ፤ ፍጥነትዎ ይቀንሳል። ይህን ሳልነግርዎት ባስጀምርዎ ተበድለዋል ማለት ነው። ካልተስማማዎት ኪማን የሚባለውም ለሊኑክስ ተሠርቷል፤ በሱ በኩል ሌላ የአማርኛ ኪቦርድ ይሞክሩ።

ጸሐፊው፦ ምናሌውንስ አማርኛ ላድርገው?

መምህርቷ፦ ሊብሬ ኦፊስ፣ በዎርድ ፋንታ የሚጠቀሙበት፣ በአማርኛ ምናሌ መሥራት ይችላል። የሚንት የራሱ ትርጉም ግን ያልተሟላ ስለሆነ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ይሆንብዎታል። ለጊዜው በእንግሊዝኛው ይተዉት፤ በስልክ ስንነጋገርም አንድ ስም እንጠራለን።

ጸሐፊው፦ በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣልኝስ?

መምህርቷ፦ ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ የማይክሮሶፍት ፎንት ነው፤ ሊኑክስ ላይ የለም። ደብዳቤው ይከፈታል፣ ዩኒኮድ ስለሆነ ይነበባል፣ ግን በሌላ ፎንት ይተካና መስመሩ ይንሸራተታል፤ አንድ ገጽ የነበረው ፊርማው ሁለተኛ ገጽ ላይ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ያለቀለትን ሰነድ ሁልጊዜ በፒዲኤፍ ይቀባበሉ። ሊብሬ ኦፊስ ላይ አንድ ቁልፍ ነው። ፎንት ካነሣን አቢሲኒካንና የኖቶን የኢትዮጵያ ፊደል ይያዙ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ፍላሽ ላይ ተይዘው መጥተው ይጫናሉ።

ጸሐፊው፦ አሁን አንድ ነገር ጠቀስሽ፤ ፍላሽ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ስንቆይ ዲቪ የሚያስሞላ፣ ኢሜይል የሚያስልክ ሁሉ በሬ ላይ መጥቶ ይመለስ ነበር። ነገም እንዲያ ቢሆን ይህ ሊኑክስ ያለ ኢንተርኔት ይኖራል?

መምህርቷ፦ እኔ ዲስትሮ ስመርጥ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንን ነው። የሚንት መጫኛ ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋ አንድ ፋይል ነው፤ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ በፍላሽ ለመቶ ሰው ይዳረሳል፣ ሲጫንም ኢንተርኔት አይለምንም። ሊብሬ ኦፊሱ፣ ፋየርፎክሱ፣ ፒዲኤፍ ማንበቢያው አብሮት ነው የሚመጣው። እድሳት መኖሩን ይነግርዎታል፣ የሚያወርዱበትን ቀን የሚወስኑት ግን እርስዎ ነዎት፤ ለደንበኛ የገዙትን ዳታ ዊንዶውስ በሌሊት ጨርሶት አድሮ አያውቅም?

ጸሐፊው፦ ስንቴ!

መምህርቷ፦ ችግሩ ከመጫኛው ውጭ ያለው ነው። የአማርኛ ኪቦርዱ፣ የአንዳንድ ማተሚያ ድራይቨር፣ ለቪዲዮ የሚያስፈልገው፣ እነዚህ ከኢንተርኔት ነው የሚመጡት። እኔ የማስበው አንድ ሰው ባሕር ዳር ጥሩ ኔትወርክ ሲያገኝ ሁሉንም በአንድ ሃርድ ዲስክ አውርዶ እንዲያመጣው ነው፤ መጫኛው፣ የአይባስና የኤም17ኤን ጥቅሎች፣ ፎንቶቹ፣ የማተሚያው ፋይል። ጥቅል ደግሞ እትሙ መግጠም አለበት፤ ለሚንት 22 የወረደ ለሌላ ዲስትሮ ላይሆን ይችላል። አንድ ዓይነት እንያዝ ያልኩበት ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው። ሁሉም ሚንት 22 ከያዘ አንድ ሃርድ ዲስክ ለሁለት ከተማ ይበቃል። ዴቢያን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው፣ ብዙ ሶፍትዌር በዲቪዲ ፋይል አሰናድቶ ስለሚሰጥ በዚህ በኩል ይበልጠዋል፤ ለጀማሪ ግን ሚንት ይቀላል።

ጸሐፊው፦ ማተሚያዬ ኤችፒ ሌዘርጀት ፒ1102 ነው። እንጀራዬ እሷ ናት።

መምህርቷ፦ ብዙ የኤችፒ ማተሚያ ገመዱን ሲሰኩት ይታወቃል። ፒ1102 እና 1020 ግን ከኤችፒ የሚመጣ ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋሉ፤ አንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ቁጥሩ ከተጫነው ኤችፒሊፕ ከሚባለው ድራይቨር እትም ጋር መግጠም አለበት። ይህን ፋይል ሳይዙ ዊንዶውስዎን እንዳያጠፉ። ኢፕሰን ባለ ቀለም ታንክ ካለዎት ለሱም የሊኑክስ ድራይቨር አለ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ደግሞ ስልክዎን በገመድ ሰክተው ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሩ ያካፍሉት፤ ሚንት ያለ ምንም ጭነት ይቀበለዋል።

ጸሐፊው፦ ሌላው ራስ ምታቴ ሾርትከት ቫይረስ ነው። ደንበኛው ፍላሹን ይሰካል፣ ፎልደሩ ሁሉ ቀስት ያለው ሾርትከት ይሆናል፣ ሰውየው «ፋይሌን አጠፋህብኝ» ብሎ ይጮህብኛል።

መምህርቷ፦ አልጠፋም እኮ። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያኖራል፤ ሰው ያንን ሲጫን ቫይረሱ ይነሣል፣ ወደ ኮምፒውተሩም ወደሚቀጥለው ፍላሽም ይተላለፋል። የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሚንት ላይ አይነሣም። ፍላሹን ሲሰኩት የተደበቀው ፎልደርም ሐሰተኛው ሾርትከትም ጎን ለጎን ይታዩዎታል፤ ሐሰተኛውን አጥፍተው የሰውየውን ሰነድ ይሰጡታል። ሊኑክስ ከጥቃት ሁሉ ነፃ ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ በየቀኑ በየፍላሹ ከሚዞረው ከዚህኛው ግን ያሳርፍዎታል። ለጽሕፈት ቤት ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አላውቅም።

ጸሐፊው፦ የፎቶ ሥራውስ? በፎቶሾፕ ነው የምቆርጠው።

መምህርቷ፦ ፎቶሾፕ ለሊኑክስ አልተሠራም። ጊምፕ የሚባል አለ፤ የዲቪን ፎቶ 600 በ600 ፒክሰል አድርጎ ከ240 ኪሎባይት በታች ማውጣት በሱ ቀላል ነው። የሠርግ ፎቶ የሚያስውብ፣ ባነር የሚሠራ ሰው ግን ፎቶሾፑን አይተው፤ እጁ የለመደውን ከሱ ነጥቆ ትርፍ የለም። ፒችትሪም እንዲሁ። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፣ እኛ ግን አሁንም ፒችትሪ ነው የምንለው፤ ሒሳብ የሚሠራና የሚማር ሰው እሱን ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ዊንዶውስ ይፈልጋል። ወይን የሚባል የዊንዶውስን ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ለማስኬድ የሚሞክር መሣሪያ አለ፤ አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም። ለእንጀራ በሚሆን ሥራ ላይ ግን «አንዳንዱ» ብዬ አልመክርዎትም።

ጸሐፊው፦ ቀጥተኛ ሰው ነሽ። ጥቁሩ መስኮትስ? ትእዛዝ እየጻፉ ነው የሚሠራበት ሲሉ ነው ሰው የሚፈራው።

መምህርቷ፦ ለጽሑፍ፣ ለኅትመት፣ ለኢንተርኔት አያስፈልግዎትም። አንዳንድ ቀን፣ ማተሚያ ሲያስቸግር ወይም ጥቅል ሲጫን፣ አንድ ሁለት መስመር መጻፍ ይመጣል፤ ያን ቀን ይደውሉልኝ። ማን እንደጻፈው የማያውቁትን ትእዛዝ ግን ከየትም ገልብጠው አይለጥፉ። ሥርዓቱ ቢበላሽም ታይምሺፍት የሚባል ከሚንት ጋር የሚመጣ መሣሪያ ደኅና ወደነበረበት ቀን ይመልሰዋል፤ ከጫኑ በኋላ መጀመሪያ የሚያበሩት እሱን ይሁን። የደንበኛን ሰነድ ግን አይጠብቅም፣ ሰነዱን በሌላ ዲስክ ላይ ለብቻ ማስቀመጥ የእርስዎ ፋንታ ነው።

ጸሐፊው፦ ትምህርት ቤቶቹስ? የልጅ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ሊሆን ይችላል ብላ ትጨነቃለች።

መምህርቷ፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በበይነ መረብም እየተሰጠ ነው። ጥያቄውን እያወቀ ማውሱን ስለማያውቅ የሚሸነፍ ልጅ መኖር የለበትም። ፈተና ለመለማመድ የሚያስፈልገው ማውስ፣ ኪቦርድና ማሰሻ ነው፤ ለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለ ሚንት ይበቃል። ጥግ ላይ አቧራ የለበሱትን ኮምፒውተሮች ከመጣል በፊት ከፍላሽ አስነሥቶ ማየት ነው። 32 ቢት የሆኑት በጣም አሮጌዎቹ ግን አይሆኑም፤ ሚንት 22 የተሠራው ለ64 ቢት ብቻ ነው፣ ዴቢያንም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ የ32 ቢት መጫኛውን ትቷል።

ጸሐፊው፦ ከፍላሽ አስነሥቶ ስትይ ሳይጫን ማለትሽ ነው?

መምህርቷ፦ አዎ። 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ መጫኛውን ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ይጽፉታል፤ መገልበጥ ብቻ አይበቃም። ኮምፒውተሩን ሲያበሩ፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12 ተጭነው ፍላሹን ይመርጣሉ። ሃርድ ዲስክዎን ሳይነካ ሚንት ይነሣል፤ ከፍላሽ ስለሆነ ዝግ ይላል፣ እሱን አይቁጠሩበት። ማተሚያውን ይሰኩ፣ ድምፁን ይስሙ፣ የድሮ ውል ይክፈቱ። ካልወደዱት ያጥፉት፣ ፍላሹን ይንቀሉ፣ ዊንዶውስዎ እንደነበረ አለ። ከወደዱት በኋላ መጀመሪያ ሰነድዎን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ ሲጭኑ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን ከመረጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ መመለሻ የለውም። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ደውለውልኝ አብረን እናልፈዋለን።

ጸሐፊው፦ እኔ ሁለት ኮምፒውተር አለኝ። እንዲህ ባደርግስ፤ ደንበኛ የሚቀመጥበትን፣ ፍላሽ የሚሰካበትን፣ ፋይዳ የሚታተምበትንና ዲቪ የሚሞላበትን ሚንት ላድርገው። ሁለተኛውን ከኢንተርኔት ነቅዬ ለፓወር ግዕዙና ለፎቶሾፑ ልተወው።

መምህርቷ፦ ከዚህ የተሻለ ምክር አልነበረኝም ጋሼ። እንዲያው ይሁን። ፍላሹን በዚህ ሳምንት እልክልዎታለሁ፤ መጫኛው፣ ኪቦርዱ፣ ፎንቶቹና የፒ1102 ፋይል ይኖሩበታል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። እርስዎ ጋ እንዳይቀር። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የወጣበት ፈቃድ መቅዳትንም ማደልንም ይፈቅዳል፤ ሌባ የሚልዎት የለም። በቢቸና ላሉት ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ይቅዱላቸው፣ ለትምህርት ቤቱም ይስጡ፣ ሚንት 22 ኤክስኤፍሲኢ ብለው ስሙን ይንገሯቸው። እኔም ሞጣ ላይ ያንኑ አደርጋለሁ። ሌላ ዲስትሮ የጀመረ ሰው ካለም ሥራው ካልቸገረው እሱን አይንኩት፤ ገና ሊጀምር ያለውን ግን ከእኛ ጋር እንዲጀምር ይንገሩልኝ።